ባለዝቅተኛ ዋጋ አየር መንገዶች፡- ጥቅማቸውና ጉዳታቸው ከድሬዳዋ መንገደኛ አንጻር

ድሬዳዋ፡- ከድሬዳዋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመጓዝ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው በአብዛኛው ሁለት አማራጭ ይቀርብለታል። አንደኛው ከአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል እስከ መጨረሻው መዳረሻ በአንድ ውል የሚያደርሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ነው። ሁለተኛው ከቦሌ ጀምሮ በቦሌ የሚያበቃ፣ በመጀመሪያ እይታ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ የባለዝቅተኛ ዋጋ አየር መንገድ ቲኬት ነው። የዋጋው ልዩነት እውነተኛ ቁጠባ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው የሻንጣው ክፍያ፣ የአዲስ አበባው ማደሪያና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ቀሪ መንገድ አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ነው።

ይህ ስሌት ሠራተኞቻቸውን ለሥልጠናና ለስብሰባ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችን፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚከታተሉ ጽሕፈት ቤቶችን፣ እንዲሁም በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ወደተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና እንግዳ የሚጋብዙ ኃላፊዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በመሆኑም የእነዚህን አየር መንገዶች አሠራር ከመሠረቱ መመልከት ይጠቅማል።

በዝቅተኛ ዋጋ የማጓጓዝ አሠራር የተስፋፋው በአሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1971 በቴክሳስ ግዛት በረራ የጀመረው ሳውዝዌስት የዘርፉ ቀዳሚ ተምሳሌት ሆኖ ይጠቀሳል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ በ1978 የአየር ትራንስፖርት ዋጋንና መስመርን መወሰን ሲያቆም አሠራሩ ወደ መላ አገሪቱ ደረሰ። በአውሮፓ የአየርላንዱ ራያንኤርና እ.ኤ.አ በ1995 የተመሠረተው የእንግሊዙ ኢዚጄት፣ በእስያ ደግሞ እ.ኤ.አ ከ2001 ጀምሮ የማሌዥያው ኤርኤዥያ ተከትለዋል። ለአገራችን መንገደኛ ቅርብ የሆኑት ግን የባሕረ ሰላጤው ኩባንያዎች ናቸው። የሻርጃው ኤር አረቢያ እ.ኤ.አ በ2003፣ የኩዌቱ ጀዚራ በ2005፣ ዛሬ ፍላይናስ የሚባለው የሳዑዲ ዓረቢያ አየር መንገድ በ2007፣ ፍላይዱባይ ደግሞ በ2009 በረራ ጀምረዋል። ከእነዚህ መካከል ፍላይዱባይ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ለድሬዳዋ ቅርብ ወደሆነችው ጅቡቲ ይበራል።

ኩባንያዎቹ ዋጋ የሚቀንሱበት መንገድ ምሥጢር የለውም። በአብዛኛው አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይጠቀማሉ። ይህም የአብራሪዎችን ሥልጠና፣ የመለዋወጫ ክምችትንና የጥገና ሥራን ያቀላል። ራያንኤር ለረጅም ዓመታት የሠራበት ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን የተለየ የክብር ማዕረግ ሳይኖረው 189 መቀመጫ ተደርድሮበታል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ መንገደኛ አውርዶና ጭኖ በ25 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይደረጋል፤ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገቢ አያስገባምና። ቲኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት በቀጥታ ሲሆን፣ ምግብ፣ ሻንጣ፣ መቀመጫ መምረጥ፣ አንዳንዴም የመሳፈሪያ ካርድ ማተም ሳይቀር እየተነጠሉ ዋጋ ይወጣላቸዋል። በማስታወቂያ የሚታየው ዋጋ የመቀመጫው ብቻ ዋጋ ነው ማለት ነው።

በብዙ ሰው ዘንድ ያለው ሥጋት ርካሽ በረራ ደኅንነቱ የጎደለ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ በ1944 በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መነሻነት የሚወጡት ዓለም አቀፍ የበረራ ደኅንነት መስፈርቶች ቲኬቱ በስንት እንደተሸጠ አይጠይቁም። የጥገና ጊዜ፣ የአብራሪ የዕረፍት ሰዓትና የነዳጅ መጠባበቂያ ለሁሉም ኩባንያ ግዴታ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ክልሉ እንዳይበሩ የሚያግዳቸውን አየር መንገዶች ዝርዝር የሚያዘጋጀው የደኅንነት ጉድለታቸውንና የየአገራቸውን ሲቪል አቪዬሽን የቁጥጥር ብቃት መዝኖ ሲሆን፣ የዋጋ ዝቅተኛነት መመዘኛ ሆኖ አያውቅም።

የእነዚህ አየር መንገዶች ጥቅም ግልጽ ነው። ቀድሞ በአውሮፕላን የመጓዝ አቅም ያልነበረውን ሰው አሳፍረዋል። ከዚህም በላይ በገቡበት መስመር ሁሉ ነባሩ አየር መንገድ ዋጋውን እንደገና እንዲያጤን ስለሚያስገድዱ፣ በእነርሱ ያልተሳፈረው መንገደኛም ይጠቀማል። የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዞ፣ ቀኑን ቀድሞ ወስኖ፣ በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት የሚያድር ወጣት በእርግጥም ገንዘብ ይቆጥባል።

ችግሩ የሚጀምረው የአገራችን መንገደኛ እንዲህ ባለ ሁኔታ እምብዛም የማይጓዝ በመሆኑ ነው። ከውጭ የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤተሰቡ አይገባም። በድሬዳዋ ደግሞ ሻንጣ ከስጦታ ያለፈ ትርጉም አለው፤ በከፊራና በታይዋን የገበያ ሥፍራዎች አነስተኛ ንግድ የሚያንቀሳቅስ ሰው ዱባይ ደርሶ ሲመለስ ትርፉን የሚያሰላው በኪሎ ነው። ባለዝቅተኛ ዋጋ አየር መንገድ ገቢውን ከሚያሰባስብባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ይኸው ሻንጣ ነው። የሻንጣ ክፍያ ቲኬቱ ሲቆረጥ አብሮ ካልተከፈለና በአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ላይ ከተጠየቀ ዋጋው በእጅጉ ይጨምራል። የእጅ ሻንጣ እንኳ ከተፈቀደው ስፋት ካለፈ ያስከፍላል። ቅናሹ በሚዛኑ ፊት የሚያልቅበት መንገደኛ ጥቂት አይደለም።

አየር መንገዶቹ ለማረፊያ አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቁ፣ ከዋናው ከተማ የራቁ ማረፊያዎችን መምረጣቸውም ሌላው መታየት ያለበት ጉዳይ ነው። በጀርመን ራያንኤር ፍራንክፈርት-ሐን እያለ ሲበርበት የቆየው ማረፊያ ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ከድሬዳዋ ሐረር ደርሶ መልስ ከሚደረግ ጉዞ ይበልጣል። ወደ አውሮፓ ለስብሰባ የሚሄድ ባለሙያ የማረፊያውን ስም ብቻ አንብቦ ከተማው ውስጥ የሚወርድ ከመሰለው የአውቶቡስና የታክሲ ወጪው ሳይታሰብ ይመጣበታል።

ለድሬዳዋ ነዋሪ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ቦሌ ላይ የሚገጥመው ነው። በአንድ ቲኬት የሚጓዝ መንገደኛ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው፣ ያጓጓዘው አየር መንገድ በሌላ በረራ እስከ መዳረሻው የማድረስ ኃላፊነት አለበት። ሁለት ቲኬት ለየብቻ የቆረጠ መንገደኛ ግን በሕግ ዓይን ሁለት ያልተያያዙ ውሎች የፈረመ ሰው ነው። ከዱባይ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ቢደርስና የድሬዳዋው በረራ ጥሎት ቢሄድ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ቦሌ ድረስ አድርሼዋለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ መንገደኛው በሰዓቱ አልቀረበም ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለቱም እንደ ውላቸው ትክክል ናቸው። የሆቴሉ፣ የአዲሱ ቲኬትና የቀረው የሥራ ቀን ዕዳ የሚወድቀው በመንገደኛው ላይ ነው። አዲስ አበባ ነዋሪ የሆነ መንገደኛ ይህ አያሳስበውም፤ ከቦሌ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህም በመዲናዋ ርካሽ የሆነ ቲኬት ለድሬዳዋ፣ ለጅግጅጋ ወይም ለጎዴ ነዋሪ ውድ ሊሆን ይችላል።

በሁለት የተለያየ ቲኬት መጓዝ ግድ ከሆነ፣ በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ጊዜ መተው ይገባል። የድሬዳዋው ጉዞ በየብስ ቢሆንም ያስኬዳል። በአስፋልት 515 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ አውቶቡሶች ይሸፍኑታል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ ያልፋል። ሆኖም በአውሮፕላን አንድ ሰዓት የሚወስደው መንገድ በየብስ ቀኑን ይበላል።

በሥራ ስምሪት ወደ ውጭ የሚሄዱ ዜጎች ሁኔታ ልዩ ትኩረት ይሻል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የሠራተኛውን የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ወጪውን የሚሸፍን ወገን ደግሞ ርካሹን ቢመርጥ አያስገርምም። አገልግሎቱን የሚከታተሉ ባለሙያዎች በውል ማጽደቅ ወቅት ትኬቱ መኖሩን ከማረጋገጥ አልፈው የሚፈቅደውን የሻንጣ ክብደትና የሚያበቃበትን ከተማ ቢመለከቱ መልካም ነው። ከድሬዳዋ አካባቢ የሄደች ወጣት ሁለት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ቦሌ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቀሪውን መንገድ በራሷ ወጪ እንድትጨርስ የሚያደርግ ትኬት፣ በወረቀት ላይ ደርሶ መልስ ቢባልም ጉዞውን አያሟላም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸው ስሌት አላቸው። ርካሽ ትኬት በአብዛኛው ቀን የማይቀየርበትና ገንዘብ የማይመለስበት ነው። የመንግሥት ስብሰባ ደግሞ ቀኑ በዋዜማው ሲለወጥ ይታያል። በሦስት ፕሮፎርማ ተወዳድሮ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈ ትኬት ስብሰባው በተራዘመ ዕለት ሙሉ በሙሉ ኪሣራ ይሆናል። በአዲስ አበባ ለሚደረግ ተጨማሪ አዳር የሚከፈለው ውሎ አበልም በትኬቱ ሒሳብ ላይ ስለማይታይ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ እንጂ ግዢው ሲጸድቅ አይታሰብም።

ሌላው አደጋ የኩባንያዎቹ ዕድሜ ነው። በአህጉራችን በዘርፉ ቀዳሚ በሆነችው ደቡብ አፍሪካ ኩሉላ እ.ኤ.አ በ2001 ተጀምሮ በ2022 ቆሟል፤ ዋንታይም በ2012፣ ማንጎ በ2021 ከበረራ ወጥተዋል። በታንዛኒያ እ.ኤ.አ በ2012 ኅዳር ወር በትልቅ ተስፋ የተጀመረው ፋስትጄት በ2018 መጨረሻ በረራውን አቁሟል። እንዲህ ያለ ኩባንያ ሲዘጋ ትኬት አስቀድሞ የገዛ ሰው ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ተሰልፎ የሚጠብቅ ገንዘብ ጠያቂ ይሆናል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል እንዲህ ያለ የአገር ውስጥ በረራ ለምን አልተጀመረም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ድሬዳዋ ለአየር ንግድ እንግዳ አይደለችም፤ ኤደን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን የሐረርጌ ጫት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ወደዚያች ወደብ ይጓጓዝ ነበር። ዋናው ምክንያት ሕጉና የአውሮፕላኑ ስፋት የተጋጩ መሆናቸው ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 769/2004 ከ50 በላይ መንገደኛ በሚይዝ አውሮፕላን የሚሰጥ የአየር ትራንስፖርትን ለመንግሥት ብቻ ከልሎ ነበር። የዝቅተኛ ዋጋ አሠራር ደግሞ የሁለት አብራሪ ደመወዝና የማረፊያ ክፍያ ለብዙ መቀመጫ ሲከፋፈል እንጂ በ50 መቀመጫ አያዋጣም። ደንብ ቁጥር 474/2012 ከወጣ በኋላ የአገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና እስከ 49 በመቶ ድርሻ ይዞ ሊሰማራበት የሚችል መስክ ሆኗል። ይሁን እንጂ የሕግ በር መከፈቱ ብቻውን አውሮፕላን አያመጣም። የውጭ አየር መንገዶች በኢትዮጵያ የሸጡትን ትኬት ገቢ ወደ አገራቸው ለመውሰድ መቸገራቸውን ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት በተደጋጋሚ ሲገልጽ ቆይቷል።

ለድሬዳዋ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የኬንያው ጃምቦጄት ይመስላል። የኬንያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ በ2014 ያቋቋመው ይህ ኩባንያ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳና ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች በዝቅተኛ ዋጋ ይበራል። በኋላ የመረጠው አውሮፕላን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው-400 ነው። የናይሮቢ-ሞምባሳ መስመርም እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ አዲስ ባቡር ተፎካካሪ ሆኖበታል፤ ያም ሆኖ በረራው ቀጥሏል። ነባሩ ኩባንያ ራሱ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ቅርንጫፍ ሲያቋቁም፣ መንገደኛው ከዓለም አቀፍ በረራ ጋር የመያያዝ ዕድሉም አብሮ ሊጠበቅለት ይችላል።

እስከዚያው ድረስ በየትኛውም አየር መንገድ የሚጓዝ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ መብት አለ። እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት በሚመለከታቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች ላይ ለሻንጣ መጥፋት፣ መጎዳትና መዘግየት የሚጣለው ተጠያቂነት ለርካሹም ለውዱም ትኬት አንድ ነው። የተጎዳ ሻንጣ በተረከቡ በ7 ቀን፣ የዘገየ ሻንጣ ደግሞ እጅ በገባ በ21 ቀን ውስጥ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ መመልከት አለበት። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ተቀባይነት የለውም፤ በመሆኑም ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ የጉዳት ማመልከቻውን ቦሌ ላይ፣ ሻንጣውን እንደተረከበ፣ ወደ ቀጣዩ ጉዞው ከመሄዱ በፊት ሞልቶ ቅጂውን መያዝ ይኖርበታል።