የግራ እጅ ሥራ በጃዝ ፒያኖ ታሪክ

የጃዝ ፒያኖ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ነገሥታት ዜና መዋዕል ነው። አንዱ ስልት ነግሦ ይቆይና ሌላው ተነሥቶ ይሽረዋል፤ ራግታይም በስትራይድ፥ ስትራይድ በስዊንግ፥ ስዊንግም በቢባፕ ተተካ ይባላል። ይህ አተራረክ ለማስታወስ የሚያመች ቢሆንም ለውጡ ለምን እንደ መጣ አይነግረንም፤ ከዚህም በላይ የኋለኞቹ ተጫዋቾች ከፊተኞቹ የወረሱትን ይሸፍንብናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ለውጡ የድል አድራጊነት ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ለውጥ መሆኑን ነው። ይኸውም በመጀመሪያ የፒያኖ ተጫዋቹ ግራ እጅ ብቻውን ይሸከመው የነበረው ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ባሱና ወደ ከበሮው ተላለፈ፤ እጁም ከዚህ ሸክም ሲያርፍ ሌላ ሥራ አገኘ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1899 በሚዙሪ ግዛት ይሠራ የነበረው ጆን ስታርክ የተባለው አሳታሚ የስኮት ጆፕሊንን “ሜፕል ሊፍ ራግ” አሳተመ። በራግታይም ግራ እጅ አንድ ዝቅተኛ ድምፅ መትቶ ወዲያው ወደ ላይ ይዘልና በአንድነት የሚሰሙ ብዙ ድምፆችን፥ ማለት ኮርድ፥ ይመታል፤ እንዲህ እያለም ምቱን ሳያዛንፍ ይጠብቃል። ቀኝ እጅ ደግሞ ዜማውን በምቶቹ መካከል እያስገባ ይጫወታል። በአገራችን ልማድ ብንመስለው ግራ እጅ ከበሮ መቺው፥ ቀኝ እጅ ደግሞ በጭብጨባው መካከል እየገባ የሚያዜመው ዘፋኝ ነው። ጆፕሊን ሙዚቃው በወረቀት እንደ ተጻፈው ያለ ጥድፊያ እንዲመታ ይፈልግ ነበር።

ከዚህ ስልት ወደ ጃዝ የተደረገውን ሽግግር ከሚያስረዱት ምስክሮች አንዱ የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ የሆነው ጄሊ ሮል ሞርተን ነው። በ1938 አለን ሎማክስ በዋሽንግተን በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ቃሉን በቀረጸ ጊዜ፥ ሞርተን ያንኑ “ሜፕል ሊፍ ራግ” አንድ ጊዜ በሚዙሪ፥ አንድ ጊዜ በራሱ አገባብ ተጫወተው። ሞርተን ጃዝን በ1902 የፈጠርሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። ይህን አባባል እንዳለ የምንቀበልበት ምክንያት የለም፤ በ1938 ያሰማውም ቢሆን ከብዙ ዓመት በኋላ የተሰጠ ምስክርነት ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሆኖም አንድ ነገር በግልጥ ያሳያል። ዜማው ያው ሆኖ ሳለ፥ ግራ እጁ እንደ መኪና ምት መቁጠሩን ትቶ ከቀኝ እጁ ጋር መነጋገር ጀምሯል።

ይህ ግራ እጅ ከፍ ካለው ደረጃ የደረሰው በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የሃርለም ጥቁር አሜሪካውያን ተከራዮች የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው በቤታቸው ግብዣ እያደረጉ ከእንግዶቹ የመግቢያ ዋጋ ይሰበስቡ ነበር። በጠባቡ ቤት ለኦርኬስትራ የሚሆን ቦታም ገንዘብም ስላልነበረ አንድ ፒያኖ ተጫዋች እንደ ባስም እንደ ከበሮም ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ማስጨፈር ነበረበት። ስትራይድ የተባለው፥ ግራ እጅ በሰፊ እርምጃ የሚዘልበት ስልት የዳበረው በዚህ ዐይነት ቤት ነው። ጄምስ ፒ. ጆንሰን በ1921 በሸክላ ያስቀረጸው “ካሮላይና ሻውት” ለወጣት ተጫዋቾች እንደ መፈተኛ ሆኖ ነበር። ዱክ ኤሊንግተን የተማረው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል የሚሠራውን ፒያኖ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጎ፥ በሚወርዱት መርገጫዎች ላይ ጣቶቹን እያስቀመጠ ነው። እንግዲህ የስልቱ ወላጅ የጥበብ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የኪራይ ዋጋም ጭምር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሁለተኛው ደረጃ ፒያኖው ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲቀመጥ የመጣ ነው። ኧርል ሃይንስ በ1928 ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር በሠራቸው ሸክላዎች ቀኝ እጁን እንደ መለከት አስጮኸው፤ ግራ እጁም ምቱን አንዳንዴ እየሰበረ ከአድማጩ ግምት ያመልጥ ነበር። ከእርሱም ይልቅ ለነገራችን የሚረዳው ካውንት ቤሲ ነው። ቤሲ ስትራይድን በሃርለም ከነፋትስ ዎለር ስለ ተማረ ሊጫወተው ይችል ነበር። ነገር ግን በ1937 በኦርኬስትራው ውስጥ ዎልተር ፔጅ በባስ በየምቱ እየተራመደ፥ ፍሬዲ ግሪን በጊታር እየተከተለ፥ ጆ ጆንስ ደግሞ የከበሮውን ጊዜ በእግር በሚከደኑት የነሐስ ሳህኖች ላይ እያስቀመጠ ሳለ፥ ግራ እጁ ያንኑ ቢደግም ትርፍ በሆነ ነበር። ስለዚህ ቤሲ ብዙውን ተወና ጥቂት ድምፅ በተገቢው ቦታ አኖረ። ዝምታው የችሎታ ማነስ አልነበረም። በዚያው ዘመን አርት ቴተም፥ በ1933 “ታይገር ራግ”ን ብቻውን ሲቀርጽ፥ ባስ ስላልነበረው የሁሉንም ሥራ በሁለት እጁ አጣምሮ ሠርቷል።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ፥ ሚንተንስ በተባለው የሃርለም ክበብ ቴሎኒየስ ሞንክ ፒያኖ፥ ኬኒ ክላርክ ከበሮ ይመቱ ነበር። ክላርክ የጊዜውን ጥበቃ ከትልቁ ከበሮ ወደ ላይኛው የነሐስ ሳህን አዛወረው። ከዚህ በኋላ የተነሣው ባድ ፓወል በቀኝ እጁ እንደ ሳክስፎን የረዘመና የፈጠነ ዜማ እያወረደ፥ በግራው ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ብቻ አልፎ አልፎ ይጥል ነበር። በዚህም ምክንያት የቢባፕ ተጫዋቾች ግራ እጅ የላቸውም ተብለው ተነቅፈዋል። እኛ ግን ነቀፌታው ጆሮውን በፒያኖው ላይ ብቻ ያደረገ ይመስለናል፤ እጁ የተወው ሥራ በባሱና በሳህኑ ላይ ይሰማልና። ሞንክ ማስረጃችን ነው፤ በ1965 በወጣው “ሶሎ ሞንክ” በተባለው ሸክላ ብቻውን ሲጫወት የሃርለም ስትራይድ በግራ እጁ ተመልሶ ይሰማል።

የስልት ታሪክ ሲጻፍ መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ። የኒው ዮርክ ፖሊስ የሞንክን የሥራ ፈቃድ በ1951 ስለ ወሰደበት እስከ 1957 ድረስ መጠጥ በሚሸጥባቸው የከተማው ክበቦች መሥራት አልቻለም። ፓወልም በ1945 በፖሊስ ራሱን ከተመታ በኋላ ብዙ ጊዜ በሆስፒታል ተኝቷል። አንድ ስልት ዘግይቶ ታወቀ ስንል፥ አንዳንድ ጊዜ የዘገየው ጥበቡ ሳይሆን ፈቃዱ ነው።

ቢል ኤቫንስ በሰኔ 25 ቀን 1961፥ ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለው የኒው ዮርክ ክበብ፥ ከስኮት ላፋሮና ከፖል ሞሽን ጋር በተቀረጸ ጊዜ ክፍፍሉ እንደ ገና ተለወጠ። ዝቅተኛውን ድምፅ ባሱ ስለሚይዘው የኤቫንስ ግራ እጅ መሠረቱን ትቶ የኮርዱን ቀለም ብቻ ይመታል፤ ባሱም በተራው ምት መጠበቁን ቀንሶ ዜማ ያወጣል። በጆን ኮልትሬን ጓድ ውስጥ የነበረው ማኮይ ታይነር ደግሞ ግራ እጁን ወደ ኃይል መለሰው፤ ዝቅ ባሉ ድምፆች እንደ ደወል እየመታ ከኤልቪን ጆንስ ከበሮ ጋር ይወዳደር ነበር። በመጨረሻም ኪት ጃሬት በጥር 24 ቀን 1975 በጀርመን አገር በኮሎኝ ብቻውን ሲጫወት፥ ባሱና ከበሮው ስለሌሉ ሥራው ወደ ግራ እጁ ተመለሰ። የቀረበለት ፒያኖ ዝቅተኛ ድምፁ ደካማ ስለ ነበር አንድ አጭር ምት እየደጋገመ አጠነከረው።

በዚህ አስተያየታችን ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሴሲል ቴይለር በ1956 “ጃዝ አድቫንስ”ን ካወጣ በኋላ በየጊዜው ቋሚውን ምት እየተወ፥ ፒያኖውን በሁለት እጅ እንደሚመታ ከበሮ አደረገው፤ እዚህ ላይ ማን ምቱን ይጠብቃል ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። ደግሞም የሥራ ክፍፍል የሰውን ተሰጥዎ ሊያስረዳ አይችልም፤ ከቤሲ ጋር በእኩል ሁኔታ የነበረ ሌላ ሰው ቤሲን አይሆንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ሁኔታው ጥያቄውን ያቀርባል፥ መልሱን የሚሰጠው ግን ተጫዋቹ ነው።

ስለዚህ አሮጌና አዲስ፥ ቀላልና ረቂቅ ብሎ ከመፍረድ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል እንላለን። ተጫዋቹ የተቀመጠው ከማን ጋር ነው? ምቱን የሚሸከመው ማን ነው? በዚያ ቤት እንዲጫወት የፈቀደለትና የከፈለውስ ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ የጆንሰን ሰፊ እርምጃና የፓወል ዝምታ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች መሆናቸው ይታያል።