ከገና ምሩቅ እስከ መውጫ ፈተና፦ ቴንሽንን እንዴት ተሻገርነው?



በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሕንፃው፣ ስለ ምረቃው፣ ማን የት ደረሰ ስለሚለው ነው። እኔ ዘንድሮ የማወጋችሁ ስለ ቴንሽን ነው። ሳቃችሁ አይደል? ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ግሬድ በአይዲ ቁጥር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ከሰው ትከሻ በላይ አንገታችንን አስግገን ቁጥራችንን ስንፈልግ፣ ጉልበታችን ይከዳን እንደነበር የረሳ የለም። ያንን ሁሉ እንዴት ተወጣነው? ይሄም እኮ ታሪክ ነው፤ ከኛ በፊት የጀመረ ታሪክ።

በአገራችን በትምህርት መጨነቅ ከዩኒቨርሲቲ ይቀድማል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ይርቅ ነበር። ቀን ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት የተማረውን በቃሉ ይወጣል። ያገኘውን ቁራሽ ካላገኘው ጋር ይካፈላል፤ ገፋ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል። አእምሮ ይከፍታል እየተባለ ስለሚጠጣው አብሾም ብዙ ተወርቷል፤ ጠጥቶ ያበደ እንዳለም አብሮ ይወራል። በሐረርና በወሎ በኩል ያለው ደረሳ ደግሞ ኪታቡን ይዞ ሌሊቱን የሚገፋው በጫት ነበር። እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም ጓደኛ ላይ መደገፍና ነቃ የሚያደርግ ነገር መሻት፣ ከጥንት ጎን ለጎን የመጡ ናቸው። ግቢ ውስጥም ሁለቱንም አገኘናቸው።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ አዲስ ጭንቀት ይዞ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚደርሰው ጥቂት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከጥቂቱም ጥቂት ነበር። መንደሩ ሁሉ መርቆ የላከው ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ከጎደለው ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ተማሪዎች ለዚህ ልጅ ስም አወጡለት፦ «የገና ምሩቅ»። ቀልድ ነው፤ ግን አስቡት እስቲ፣ ያ ልጅ አገሩ ሲገባ እናቱን ምን ይላታል? ቀልዱ የቀሩትን ያጽናና እንደሆነ እንጂ ለሄደው አልጠቀመውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ወደ አዳማ እንምጣ። የባቡር ከተማ ናት፤ ከሐረር፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ የመጣ መንገደኛ የሚገናኝባት፣ በአፄው ዘመን ናዝሬት ተብላ ኋላ ወደ አዳማነቷ የተመለሰች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆነ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ተማሪው በዛ፣ ኮርሱም ከበደ። መንግሥት ሰባ በመቶ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ብሎ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ስንቱ ልጅ ኢንጂነሪንግ ገባ! ቤቱን፣ ቋንቋውን፣ የእናቱን ወጥ ትቶ የመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ያልመረጠውን ትምህርት፣ በማያውቀው ከተማ፣ በአዳማ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ይጀምራል።

ታዲያ ምን አደረግን? አንደኛ፣ ስፔስ ያዝን። ላይብረሪ ወንበር ላይ ደብተር ጥሎ መሄድ ሕግ ባይሆንም በተማሪ ዘንድ የተከበረ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሲኒየሮች ያለፈ ፈተናና ዎርክሺት ወረስን፤ ፎቶ ኮፒው ከመደጋገሙ የተነሳ ፊደሉ ሊጠፋ ደርሶ እንኳ ለፍሬሽ አስተላለፍነው። ሦስተኛና ዋናው ግን ግሩፕ ነው። ውጤት በከርቭ በሚሰጥበት ኮርስ ጓደኛህን ማስጠናት ራስህን መጉዳት ነበር፤ እሱ ኤ ባገኘ ቁጥር ያንተ ይወርዳል። ሆኖም ቴርሞዳይናሚክስ የገባው ልጅ ከእራት በኋላ ባዶ ክፍል ፈልጎ፣ ጠመኔ ይዞ ላልገባው ያስረዳ ነበር። ኋላ ከላይ የወረደ «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት መጣ፤ ለሪፖርት ይመች ይሆናል፤ ያኛውን የጠመኔ ግሩፕ ግን ያዘዘው አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በደንብ የገባኝ እዚያ ነው።

መፈታታትም ነበር። ፈተና ሲያልቅ ገንዘብ አዋጥቶ ሶደሬ መውረድ፣ ፍል ውኃው ውስጥ ተነክሮ ሁሉን መርሳት። አመሻሽ ላይ ኳስ። ግቢ ጉባኤው፣ ፌሎሺፑ፣ ጀመዓው። የሃይማኖቱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ እነዚህ ቦታዎች አዲስ የመጣን ልጅ ስሙን ጠይቀው ይይዙት ነበር፤ ሲቀርም «የት ጠፋህ?» የሚለው ሰው አያጣም።

ይህ ትዝታ ብቻ አይደለም። በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠራና በፈረንጆች 2013 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ከተጠየቁት ተማሪዎች 21.6 በመቶዎቹ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ከአምስት ተማሪ አንድ ማለት ነው። በስድስት ሰው ዶርም ካሰባችሁት፣ በአማካይ በየዶርሙ አንድ ያህል አልጋ ላይ ጨንቆት የሚያድር ነበር። ጭንቀቱ በርክቶ የተገኘው እነማን ላይ ነው? የተመደቡበትን ትምህርት የማይወዱት፣ የገንዘብ ችግር ያለባቸው፣ ከጓደኛ የተጣሉ፣ ከጠበቁት ያነሰ ውጤት ያገኙ፣ ጫት የቃሙ፣ የእምነት ፕሮግራም ላይ የማይገኙና ግቢ ውስጥ የቅርብ ጓደኛ የሌላቸው ናቸው። የቱ ምክንያት፣ የቱ ውጤት እንደሆነ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አይለይም፤ ብቻውን የሆነ ሰው ስለተጨነቀም ብቻውን ሆኖ ሊሆን ይችላል። ግን ዝርዝሩን ሳነበው የማውቀው ሰው ፊት መጣብኝ። ለናንተም እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

ስለ ጫቱም እውነቱን እንነጋገር። ለፈተና ሌሊት ተብሎ የተጀመረ ስንቱ ነው ሳይለቅ የቀረው! ሌሊቱን ነቅቶ ያነበበው ልጅ ጠዋት ፈተናው ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲቀመጥ አይተናል። ከዚህ የባሰው ግን ዝምታው ነበር። «ተጨንቄያለሁ» ማለት እንደ ስንፍና ይቆጠር ነበርና፣ ሰው ዲስሚሳል ሲደርስበት እንኳ ሳይሰናበት፣ ሌላው ክላስ እያለ ፍራሹን ጠቅልሎ ይሄዳል። ማታ ስንገባ ባዶ አልጋ። አንድ ሳምንት ስለሱ ይወራል፤ ከዚያ አልጋው የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል።

የዛሬዎቹ ታናናሾቻችን ከኛ የቀለለ ዘመን ላይ አይደሉም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢውን ዘግቶ ከየትምህርታቸው በተናቸው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከቀሩት የተወሰኑት በሬሜዲያል ገቡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ዓመታት ተምሮ፣ ኮርሱን ሁሉ አልፎ፣ በመጨረሻ ሃምሳ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። የገና ምሩቅ በመጀመሪያው ዓመት ነበር የሚመለሰው፤ አሁን ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ቤተሰብ ድግስ ደግሶ ሊመለስ ይችላል። ሐፍረቱ ያው ነው፤ ምናልባትም የከፋ።

እና ወደያዝነው ነጥብ እንመለስ። ይህ መጽሔት የምሩቃን ነው። ስማችን በየዲፓርትመንቱ ተደርድሯል። በመሃል የሄዱት ግን የትም የሉም፤ እነሱም እኮ አንድ ካፌ አብረውን ተሰልፈዋል፣ ያንኑ የደበዘዘ ዎርክሺት አብረውን ገልብጠዋል። አንዳንዱ ዛሬ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል፣ አንዳንዷ ሌላ ቦታ ተምራ ተመርቃለች፣ የአንዳንዱን ወሬ የሰማ የለም። እኛን ያሻገረን ጓደኛ ነው ካልን፣ የነሱን ስም መተው ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዚህ ግብዣ ስትመለሱ፣ ያቺ ባዶ አልጋ የማን እንደነበረች አስታውሱ። ስልኩን ከሰው ከሰው አፈላልጉና ደውሉ። ምክር አያስፈልግም፤ «የት ጠፋህ?» ይበቃል። ለሚቀጥለው መገናኛም ይዛችሁት ኑ፤ ስፔሱን እኛ እንይዝለታለን።