የታንክ አምሳያና የታሪክ እውነት

የጦር ተሽከርካሪን በፕላስቲክ አሳንሶ የመሥራት ሙያ ለብዙ ጊዜ የልጆች መጫወቻ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ አምሳያው የታሪክ ሰነድ ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ ይህም የሚወሰነው ከፋብሪካ እንደ ወጣ በመገጣጠሙ ሳይሆን ሠሪው በሚያደርግለት እርማት ነው።

የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ «ፓንተር» የተባለውን የጀርመን ታንክ አምሳያ ለገበያ ሲያቀርብ መጠኑን የወሰነው የታሪክ ጥናት አልነበረም። በሆዱ ውስጥ ሞተርና ሁለት ባትሪ ድንጋዮች መግባት ስለነበረባቸው ስፋቱ በእነርሱ ተለካ፤ ኋላ ሲሰላ ከእውነተኛው ታንክ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ መጠን ዛሬ በመላው ዓለም የተለመደ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ባለሞተር አምሳያዎች ሆድ ሥር ግን ለማብሪያና ማጥፊያ የተተዉ ቀዳዳዎች ይገኛሉ። አራሚው እነዚህን በስስ ፕላስቲክና በስቱኮ ይደፍናል።

ከዚህ የሚከብደው ምርምሩ ነው። ፓንተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው የናዚ ጦር በ1935 ዓ.ም. ክረምት በኩርስክ ከሶቪየት ሠራዊት ጋር በገጠመ ጊዜ ነው። መግነጢሳዊ ፈንጂ እንዳይጣበቅ ፓንተሮች የለበሱት ሽንትርትር ልስን የመጣው ከዚያ ውጊያ በኋላ ሲሆን፣ በ1936 ዓ.ም. ማብቂያ እንዲቀር ታዘዘ። እንግዲህ ልስን የለበሰ ፓንተርን በኩርስክ ሜዳ ማቆም፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሐሰት ነው።

ጉዳዩ የእኛንም ታሪክ ይነካል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ያሰለፈችው ትንሽ ታንክ 3 ቶን ያህል የሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ነበር። ዙሪያውን የሚዞር ማማ ስላልነበረው መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት፣ ያውም በጠባብ ክልል ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር በደምበጉይና እነዚህን ታንኮች በቅርብ ተናንቆ ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ከጎንና ከኋላ የቀረበን ተዋጊ መትረየሱ ሊያገኘው አይችልም ነበር። አምሳያው ይህን በትክክል ካሳየ፣ ተማሪው የአርበኛውን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ብልኃቱንም በዓይኑ ያያል። ለታንኩ ያልነበረውን ማማ የሚጨምር እጅ ግን ያንን ብልኃት ይሰውረዋል።

ስለዚህ ቅርጽ ሠሪውና የታሪክ መምህሩ ሊመካከሩ ይገባል፤ ምላጩና ሞረዱ ከመነሣታቸው በፊት ፎቶግራፉና ሰነዱ ይመርመሩ።