ሊብሬው የማያውቀው ሠሪ

የእንግሊዙ መኪና አምራች ሎተስ እ.ኤ.አ. በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 70ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለሕዝብ ያሰማው ጥሪ ከአንድ ስመ ጥር ድርጅት የሚጠበቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያ መኪናውን ያየ ሰው ካለ እንዲጠቁመው ጠየቀ። መኪናዋ ማርክ አንድ ትባላለች። የድርጅቱ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1948 ሠርቶ የጨረሳት በሰሜን ለንደን፣ በኋላ ሚስቱ የሆነችው የሄዘል ዊሊያምስ ወላጆች በነበራቸው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው። አጀማመሯም የገበያ ጉዳይ ነበር። ቻፕማን ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ያገለገሉ መኪናዎችን ይነግድ ነበር፤ በ1947 መገባደጃ መንግሥት ለግል መኪና ይሰጥ የነበረውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ገበያው ሞተ። ሌሎቹን በኪሳራ አራገፈ፤ አንዲት ኦስቲን ሰቨን ግን ገዢ አጥታ እጁ ላይ ቀረች። መሸጥ ያቃተውን መኪና አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራት። በ1950 ደግሞ ሞተር ስፖርት በተባለው መጽሔት አስተዋውቆ ሸጣት። ወደ ሰሜን እንግሊዝ መሄዷ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲህ ዱካዋ ጠፍቷል።

ይህን መጥፋት እንደ አሳዛኝ አጋጣሚ ብቻ አንስቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን መኪናን በቤት ስለመሥራት ጠቅላላ ልማድ የሚመሰክር ማስረጃ አድርጌ አየዋለሁ። በቤት የሚሠራ፣ ክብደቱ የቀለለ የስፖርት መኪና ታሪክ ሲጻፍ ብዕሩ ሁሉ የሚያዘነብለው ወደ ሥራው ነው፤ ወደ ብየዳው፣ ወደ ሞተሩ፣ መኪናው መጀመሪያ ወደተነሣበት ቀን። የእንዲህ ያለ መኪና ነገር የሚፈተነው ግን ሠሪው ከረጅም ዘመን በኋላ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሲያስረክብ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ሲሸጥ የፋብሪካው ስም ዋስ ይሆንለታል። ቤት የተሠራው ዋሱ ሠሪው ብቻ ነው፤ በሽያጩ ቀን ደግሞ ይህ ዋስ ከመኪናው ይለያል። ስለዚህ ይህን ሙያ እስካሁን ያቆየው ከቀረጥ ብልሃትም ከዲዛይንም ይልቅ፣ ሻጮች ከመኪናው ጋር የሥራውን ሰነድ የማስረከብ ልማዳቸው ነው እላለሁ።

ቅድሚያ የሚነሣው ተቃውሞ መኪናን በቤት የመሥራት ልማዱ የግብር ልጅ ነው የሚለው ነው፤ ከፊሉ እውነት ስለሆነም በቂ ቦታ ይገባዋል። ብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ በ1940 የጣለችው የግዢ ግብር በመኪና ላይ እየከበደ ሄዶ፣ ሎተስ ሰቨን የተባለችው የቻፕማን ቀላል የስፖርት መኪና በ1957 ገበያ ስትወጣ የጅምላ ዋጋውን 60 በመቶ ደርሶ ነበር። ግብሩ የሚያርፈው ግን ተገጣጥሞ በተሸጠ መኪና ላይ ነበር። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ላሜራው ለየብቻ ተሸጠው ገዢው በገዛ እጁ ከገጣጠማቸው ከግብሩ ነፃ ነበሩ። የመግጠሚያ መመሪያ መስጠት ስለማይፈቀድ ሎተስ የመፍቻ መመሪያ አዘጋጅቶ ገዢው ከታች ወደ ላይ እንዲያነበው አደረገ የሚለው ወግ ዛሬም ይነገራል። በዚህ ዓይን ካየነው በየጓሮው ቡሎን ሲያጠብቅ ያመሸው ሰው ሁሉ ከሙያ ፍቅር ይልቅ ገንዘቡን ለማዳን የደከመ ይሆናል። እንግዲያውስ ከዓመታት በኋላ ሲሸጥ ምን የተለየ ክብር ይጠይቃል?

የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። የግብሩ ብልሃት ሳይታሰብ ገና፣ በ1939 የተቋቋመው ሰቨን ፊፍቲ ሞተር ክለብ አባላቱን በኦስቲን ሰቨን ላይ እንዲራቀቁ ያበረታታ ነበር። ኦስቲን ሰቨን ከ1922 ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ዋዜማ በመቶ ሺዎች የተመረተች ትንሽ የሕዝብ መኪና ናት። ከጦርነቱ በኋላ በየጓሮው በርካሽ ስለምትገኝ፣ አካሏን ገፍፎ በሻንሲዋ ላይ ቀላል የውድድር መኪና መሥራት ገንዘብ ያጠረው ወጣት መንገድ ሆነ። ቻፕማንም የወጣው ከዚህ መንደር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ብሪታንያ የአውሮፓን የጋራ ገበያ በተቀላቀለችበት በ1973 የግዢ ግብር ተሽሮ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ የቁርጥራጩ ሽያጭ ጥቅምም አብሮ ቀረ። ልማዱ የግብር ልጅ ብቻ ቢሆን በዚያው ዓመት መቀበር ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሎተስ ሰቨንን ሲተው፣ በሰሪ አውራጃ በምትገኘው ካተርሃም ከተማ መኪናዋን ሲሸጥ የኖረው ግራሃም ኒርን በዚያው በ1973 የማምረት መብቷን ገዛ፤ ካተርሃም የተባለው ድርጅቱም ሰቨንን ዛሬም ራሳቸው ለሚገጣጥሙ ሰዎች ይሸጣል። በ1996 ደግሞ ሮን ቻምፒየን በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት ይቻላል የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ዕቃ እየፈቱ፣ ሻንሲውን ከብረት ቱቦ ራሳቸው እየበየዱ የሠሩ ሰዎችም በዙ። ግብሩ በሩን ከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹ ግን በሩ ከተዘጋም በኋላ ከቤቱ አልወጡም።

ሰነዱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የመኪናውን አሠራር ማየት ይበጃል። የሎተስ ሰቨን ዓይነት መኪና ክብደቱ ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ጥበቡ ከሞተር ጉልበት ይልቅ ከክብደት ቅነሳ ይመነጫል፤ የቀለለ መኪና በትንሽ ሞተር ይፈተለካል፣ በአጭር ርቀት ይቆማል፣ ኩርባ ላይ መሪውን ቶሎ ይሰማል። የመጀመሪያው ሰቨን ከተራ የፎርድ መኪና የተወሰደ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው 1172 ሲሲ ሞተር ይበቃው ነበር። ይህ ቅለት የሚገኘው ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በተበየደ ሻንሲና በላዩ በሚለብሰው ስስ አሉሚኒየም ነው። ትርፍ ብረት ስለሌለው ለስህተትም ትርፍ ቦታ የለውም። በከባድ መኪና ላይ ቸል የሚባል ደካማ ብየዳ እዚህ ጭነት ተሸካሚ ነው፤ ያለ ማቀፊያ የታለፈ የፍሬን ቱቦ በንዝረት ብዛት ይሰነጠቃል። እነዚህ ሁሉ ላሜራው ከለበሰ በኋላ ከዓይን ይሰወራሉ። በውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው፤ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሠሪው ከሄደ በኋላ ግን ለገዢው ማን ይነግረዋል?

ሕጉ እንዳይባል፣ ሕጉ ስለ ሠሪው የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኛ ሊብሬ ለምንለው ሰነድ የእንግሊዞቹ አቻ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በየአውራጃው ምክር ቤት የሚሰጥ ደብተር ነበር፤ መኪናው በተሸጠ ቁጥር የአዲሱ ባለቤት ስም ከቀዳሚው ሥር ይጻፍበት ነበር። ከ1974 ጀምሮ ምዝገባው በዌልሷ ስዋንሲ ከተማ በኮምፒዩተር ሲጠቃለል የስሞቹ ሰልፍ ከሰነዱ ጠፋ፤ በርካታ የአውራጃ መዝገቦችም በሽግግሩ ተጣሉ። ዛሬ ሰነዱ የሚጠቅሰው ስም የተመዘገበውን ያዥ ነው፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ አለመሆኑንም ራሱ በግልጽ ይናገራል። የሠሪው ስምማ ጭራሽ ቦታ የለውም። አማተሮች የሠሯቸውን መኪናዎች መንግሥት በአንድ በአንድ የሚፈትሽበት ሥርዓት በ1998 ተጀምሮ በ2009 በጠበቀ ፈተና ተተክቷል፤ መልካም ነገር ነው። ፈተናው የሚመሰክረው ግን ስለ ፈተናው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት 20 እና 30 ዓመታት የተለወጠውን፣ የተጠገነውን፣ የተጋጨውን አይነግረንም። ከ1960 ጀምሮ የመጣው የአሮጌ መኪናዎች ዓመታዊ ምርመራም ያው ነው፤ ላሜራ ገፍፎ አያይም።

ይህን ክፍተት የሞላው ሕግ ሳያዝዝ የተፈጠረው ልማድ ነው። ጥንቁቅ ሠሪ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ዶሴ ይከፍታል። በውስጡ የሻንሲው የግዢ ደረሰኝ፣ ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣና ቁጥሩ፣ ላሜራ ከመልበሱ በፊት የተነሡ የብየዳ ፎቶግራፎች፣ የዘይትና የፍሬን ዕቃ ለውጥ ቀናት፣ የኪሎ ሜትር ወይም የማይል ንባብ ያለባቸው የየዓመቱ የምርመራ ወረቀቶች ይጠራቀማሉ። ከ20 ዓመት በኋላ መኪናው ሲሸጥ ገዢው ከሞተሩ ድምፅ በፊት ዶሴውን ይጠይቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ መጠርጠር መብቱ ነው፤ ዶሴው ጥርጣሬውን ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውን ወደ መልስ ይቀይርለታል። ሠሪው እዚያ ባይኖርም የሥራው ምስክር በገዢው እጅ ይቀራል።

ወረቀት ደግሞ ሊዋሽ ይችላል የሚል አለ፤ ትክክል ነው። ያማረ ዶሴ የታመመ መኪና ሊሸፍን ይችላል። ረጅም ባለቤትነት ብቻውንም ዋስትና አይደለም፤ ለዓመታት ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና የቤንዚን ጋኑ ይዝጋል፣ የፍሬኑ ጎማ ይደርቃል፣ ሻጩም ድሮ የሚያውቀውን መኪና የሚሸጥ እየመሰለው ሌላ መኪና ይሸጣል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ ሰነድ አንድ ጠባይ አለው፤ ክፍተቱን መደበቅ ይቸግረዋል። የ6 ዓመት ደረሰኝ ከሌለ፣ የምርመራ ወረቀቱ ላይ ያለው ንባብ ካልተንቀሳቀሰ፣ ዶሴው ራሱ መኪናው ቆሞ እንደነበር ይናገራል። ለሽያጭ ብሎ በአንድ ሳምንት የተዘጋጀ ዶሴ ይህን ቅጥልጥል ሊያስመስል አይችልም። ስለዚህ ዋጋው ጥሩውን በማሳየቱ ብቻ አይለካም፤ ጉድለቱንም ለማንበብ በመፍቀዱ ነው።

ሌላው ጥያቄ ጠለቅ ይላል። በረጅም ዘመን ሞተሩ ተቀይሯል፣ ካምቢዮው ተቀይሯል፣ ላሜራው ተቀይሯል፤ የሚሸጠው ያው መኪና ነው ወይ? የብሪታንያ መዝጋቢዎች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት የነጥብ ስሌት ለዚህ ግሩም መልስ ነበረው። እጅግ የተለወጠ መኪና የቀድሞ ታርጋውን ይዞ ለመቀጠል ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልገው ነበር። ለሻንሲው 5፣ ለሱስፔንሽኑ፣ ለአክስሎቹ፣ ለካምቢዮውና ለመሪው ለየብቻ 2፣ ለሞተሩ ግን 1 ነጥብ ብቻ ይሰጠው ነበር። ሰው የመኪና ልብ የሚለው ሞተር ከሁሉ ያነሰ ነጥብ ማግኘቱ ትልቅ ትምህርት ነው። የመኪናው ማንነት ጉልበቱ ላይ ሳይሆን ሁሉን አንድ አድርጎ የያዘው አጽም ላይ ነው። ቤት በተሠራ መኪና ያን አጽም የገጠመው፣ አንዳንዴም ቱቦ በቱቦ የበየደው ራሱ ሻጩ ነው። ክፍሎች ቢለዋወጡም እያንዳንዱ ለውጥ ከተመዘገበ መኪናው ያው ነው፤ ካልተመዘገበ ግን ያው መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ይህ ሁሉ ድካም በዋጋ አይመለስም የሚሉም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሻጩ ያፈሰሰውን ሰዓት የሚከፍለው ገዢ አያገኝም፤ ገበያ የሚተምነው መኪናውን እንጂ ምሽቶቹን አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ሰነድ መጠበቅ ለራስ ትዝታ የሚደረግ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ዶሴው ለሻጩ ከሚጠቅመው ይልቅ ለማያውቀው ሰው ይጠቅማል፤ ያ ሰው በዚያ የፍሬን ቱቦ ተማምኖ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ይነዳል። ስለዚህ ሰነዱን ማስረከብ የጨዋነት ጌጥ ሳይሆን የሠሪነት የመጨረሻው ግዴታ ነው። መኪናውን በእጁ የሠራ ሰው ሥራው የሚያበቃው ሞተሩ በተነሣበት ቀን ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለሚቀጥለው ሰው በነገረበት ቀን ነው።

ወደ ማርክ አንድ እንመለስ። ብልህ አንባቢ ዶሴ ቢኖራትስ ከመጥፋት ትድን ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው፤ ከመኪናው ጋር የሄደ ወረቀት ከመኪናው ጋር ይቃጠላል፣ ከመኪናው ጋር ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። መልሱ ያለው የባለቤቶች ማኅበራት በያዙት ልማድ ውስጥ ነው። የሻንሲ ቁጥሮችን ይመዘግባሉ፣ መኪናው በተሸጠ ቁጥር መዝገቡን ያድሳሉ። ዛሬ ለዓመታት የያዘውን ቤት ሠራሽ መኪና የሚሸጥ ሰው ከዶሴው ሁለት ቅጂ ያውጣ፤ አንዱ ከመኪናው ጋር ይሂድ፣ ሌላው የሻንሲው ቁጥርና የገዢው ስም ተጽፎበት በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ። ማርክ አንድን ስንፈልግ የጎደለን ይህ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ በ1950 በአንድ ወረቀት ላይ ቢጻፍ ኖሮ ቢያንስ ፍለጋው ከየትኛው ደጃፍ እንደሚጀምር እናውቅ ነበር።