የዓባይ ከፍታ በጀሪፍ፦ ስለ ባዶ ሴሎችና ስለ ተዛቡ ግራፎች

ካርቱም ላይ ጥቁር ዓባይ ምዕራብ ጀሪፍንና ምሥራቅ ጀሪፍን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ብዙ ሐበሾች ለዓመታት የኖሩበት ይህ ሰፈር በቀይ ጡቡም ይታወቃል። ወንዙ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያመጣውን ደለል ሠራተኞች አቡክተው፣ ቅርጽ አውጥተው፣ ዳርቻው ላይ ይተኩሱታል። ክረምት ሲገባ ውሃው ማቡኪያውን ይውጠዋል፤ ሲጎድል ሥራው ይቀጥላል። ለዚህ ሕዝብ የወንዙ ከፍታ የእንጀራና የመጠለያ ጉዳይ ነው። ከፍታውን በኤክሴል ግራፍ ለማሳየት የሚሞክር ሰው ግን ቶሎ ችግር ይገጥመዋል፦ መስመሩ በድንገት ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ ቀኖቹ ይዛባሉ፣ ጎርፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ይህን ብዙዎች የፕሮግራም ብልሽት ይሉታል። እኔ ግን ልኬቱ እንዴት እንደተወሰደና መቼ እንደተቋረጠ ያላወቀ ሰው ግራፉን በትክክል ሊያቃናው አይችልም እላለሁ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ማህዲስቶች ሱዳንን የገዙበት የማህዲያ ዘመን ነው። በቱርክና ግብፅ አስተዳደር ጊዜ ካርቱም ላይ የወንዙ ከፍታ ይመዘገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 ከተማዋ በማህዲስቶች እጅ ወደቀች፤ በ1889 አፄ ዮሐንስ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ፤ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ኦምዱርማን ላይ ድል ያደረገው በ1898 ነው። በእነዚያ ዓመታት መዝገቡ ባዶ ነው፤ ወንዙ ግን በየክረምቱ ሞልቷል። ያንን ባዶ ቦታ በዜሮ የሞላ ሰው ዓባይ እስከ መለኪያው ዜሮ ጎድሎ ነበር ብሎ መሰከረ ማለት ነው። ሁለቱን ጫፎች በመስመር ያገናኘ ደግሞ ማንም ያላየውን ውሃ ፈጠረ። ኤክሴል «ባዶ ሴሎችን እንዴት ላሳይ?» ብሎ ሦስት ምርጫ ያቀርባል፦ ክፍተት፣ ዜሮ ወይም ማገናኘት። እዚህ ትክክለኛው ክፍተቱ ነው። ሆኖም ሴሉ ውስጥ ባዶ ጽሑፍ የሚመልስ ፎርሙላ ካለ ምርጫው አይሠራም፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን እንደ ዜሮ ይስለዋል። ፎርሙላው በዚያ ፋንታ «ኤን ኤ» የሚባለውን የስሕተት ምልክት እንዲመልስ ማድረግ፣ ይህንም ምልክት እንደ ባዶ ሴል የሚያሳየውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የኤክሴል የቀን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ከ1900 ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ቀን ሁሉ ለእርሱ ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ ጽሑፍ የገባበት የቀን ዘንግ ደግሞ ርቀቱን ይስትና የአሥር ዓመት ክፍተትንና የአንድ ቀን ልዩነትን እኩል ያራምዳቸዋል። ስለዚህ የድሮው መዝገብ በዓመተ ምሕረት ቁጥር ብቻ ወይም በተቆጠሩ ቀናት ተጽፎ፣ ቁጥርን ከቁጥር በሚያነጻጽረው የነጥብ ግራፍ መሳል አለበት።

የእኛው የዘመን አቆጣጠርም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ የጻፈ ሰው ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ ይቀርለታል። ጳጉሜማ የባሰ ነው። ኤክሴል አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ወይ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ወይ ቀንና ወሩን አገላብጦ ሌላ ወር ያደርገዋል። የብዙ ዓመት ዝርዝር ሲደረደር ጽሑፍ ሆነው የቀሩት የጳጉሜ ቀናት ከሁሉም ቁጥሮች ኋላ ይከማቻሉ። ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ በነሐሴና በጳጉሜ አካባቢ ነው። በ2012 ነሐሴ ማብቂያ ከፍታው ከ17 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር አልፎ ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ሲሆን፣ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ቀኖቹን አስቀድሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያልቀየረ ሰው ግራፉ የሚበላሽበት እዚያው ጎርፉ ላይ ነው።

ጎርፉ ጠፍጣፋ እንዳይመስል ቋሚውን ዘንግ ከዜሮ በላይ ማስጀመር ይቻላል፤ በዚህ ላይ ግን «ዘንጉ ከዜሮ ካልጀመረ ግራፉ ያታልላል» የሚል ብርቱ መቃወሚያ አለ። ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 የንግድ መረጃን በመስመር ካሳየ ወዲህ ብዙ ግራፍ በዚህ መንገድ አታልሏል፤ ስጋቱ እውነት ነው። ለውሃ መጠን ደንቡን እቀበላለሁ፦ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ አለፈ ሲባል ዜሮው ውሃ የለም ማለት ነውና ዘንጉ ከዚያ ይነሣ። የከፍታ መለኪያ ዜሮ ግን ሰዎች ተስማምተው የሰየሙት መነሻ ነው፤ የወንዙ ወለል አይደለም። ከዚያ ጀምሮ የተሳለ የከፍታ መስመር የአንድ ሜትር ጭማሪን ኢምንት ያስመስለዋል፤ በዝቅተኛው ዳርቻ ላለ የጀሪፍ ቤት ግን ያ አንድ ሜትር ውሃው ደጅ ላይ በመቆሙና ቤቱ በውሃ በመዋጡ መካከል ያለ ልዩነት ነው። እዚህ ላይ ዘንጉን ወደ ላይ ማስጀመርና መነሻውን በግልጽ መጻፍ ታማኝነት ነው።

«ይህ ሁሉ በጥቂት ጠቅታ የሚስተካከል ነው» የሚሉም አሉ። የትኛው ጠቅታ እንደሆነ የሚነግረው ግን መዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ካርቱምን ያጥለቀለቀውን ውሃ እንውሰድ። ኦገስት 4 ለ5 አጥቢያ በአንድ ቀን ውስጥ ከተማዋ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ የወንዙ ሙላት የተከተለው ከዚያ ነው። የወንዙን ከፍታ ብቻ በወር አማካይ የሚያሳይ ግራፍ ዘንጉም ቀኑም ባዶ ሴሉም ተስተካክሎ እንኳ ጥፋቱን በሙሉ ለዓባይ ይሰጣል። የዚያን ዓመት ግራፍ ለማቃናት የዕለት ዝናቡ በሌላ ዘንግ ከወንዙ ጎን መሳል አለበት፣ ያውም በቀን በቀኑ።