የተከለከለው ከበሮ

ገዢ የሚፈራውን ነገር ለማወቅ የሚወድ ሰው የሚከለክለውን ነገር ይመርምር። በሰሜን አሜሪካ ጥቁሮችን በባርነት ይገዙ የነበሩ ጌቶች ከበሮን ከጦር መሣሪያ ጋራ በአንድ አንቀጽ ከልክለዋል። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 9 ቀን 1739 ዓ.ም.፥ በዕለተ እሑድ፥ በደቡብ ካሮላይና በስቶኖ ወንዝ አጠገብ 20 የሚያህሉ ባሮች ተሰበሰቡ። ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ወስደው፥ ሰንደቅ ዘርግተው፥ ከበሮ እየመቱ ወደ ፍሎሪዳ ጕዞ ጀመሩ። ፍሎሪዳን ይገዛ የነበረው የእስፓንያ መንግሥት ከእንግሊዝ ግዛት ሸሽቶ ለመጣ ባርያ ነጻነት እሰጣለሁ ብሎ ነበርና። ድምፁን እየሰማ የሚከተላቸው ስለ በዛ ቍጥራቸው እጅግ ጨመረ። በመንገድም ያገኟቸውን ብዙ ነጮች ገደሉ። ከቀትር በኋላ ግን የአገሩ ጭፍራ ደርሶ ወጋቸው፤ አብዛኞቹም አለቁ።

በሚከተለው ዓመት፥ በ1740 ዓ.ም.፥ ባሮች እርስ በርሳቸው እንዳይጠራሩበት ከበሮና መለከት የሚከለክል ሕግ ወጣ። ለባርያ ጽሕፈት ማስተማርም በዚሁ ሕግ ተከለከለ።

ከበሮው በተወሰደ ጊዜ እጅና እግር በፋንታው ገቡ። በደቡብ ካሮላይናና በጆርጅያ ጠረፍ ባሉ ደሴቶች ባሮቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ፥ እያጨበጨቡና መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ይዘምሩ ነበር። የመዝሙራቸውንም ቃል ብዙ ጊዜ ከኦሪት ዘጸአት ይወስዱ ነበር። ጌታቸው ይህን ሲሰማ የጥንቱን የእስራኤልን ታሪክ ይመስለው ነበር፤ እነርሱ ግን ፈርዖን ማን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ከባርነት ያመለጠው ፍሬዴሪክ ዳግላስ በ1845 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክ፥ ባሮች የሚዘፍኑት ደስ ብሏቸው ነው የሚሉትን ሰዎች ነቅፎ፥ ዜማቸው በባርነት ላይ የቆመ ምስክርና ወደ እግዚአብሔር የሚወጣ ጸሎት መሆኑን ጽፏል። በ1855 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉም፥ እርሱና ጓደኞቹ በመዝሙር ከነዓንን ሲያነሡ የሰሜኑን ነጻ አገር ማለታቸው እንደ ነበረ ገልጿል። በ1849 ዓ.ም. ያመለጠችው ሐሪየት ተብማንም ወገኖቿን ለማውጣት ስትመለስ፥ በጫካ ለተሸሸጉት በዜማ ምልክት ትሰጥ እንደ ነበረ በ1869 ዓ.ም. የታተመው ታሪኳ ይናገራል።

ባርነት በ1865 ዓ.ም. በሕግ ከተሻረ በኋላ ንቀቱ አልተሻረም። ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች ዘፈንና አነጋገር ይቀልዱ ነበር። በናሽቪል ከተማ ለጥቁሮች የተከፈተው የፊስክ ትምህርት ቤት በገንዘብ ችግር ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ፥ በ1871 ዓ.ም. ዘጠኝ ወጣቶች የአባቶቻቸውን መዝሙር ይዘው ወጡ። አብዛኞቹም በባርነት የተወለዱ ነበሩ። ማኅበራቸውም ኢዮቤልዩ ተባለ፤ ይኸውም በኦሪት ዘሌዋውያን ባርያ አርነት የሚወጣበት ዓመት ነው። በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶርያ ፊት ዘመሩ፤ ባገኙትም ገንዘብ ለትምህርት ቤታቸው ታላቅ ሕንፃ ተሠራ። መቀለጃ የነበረው ዜማ በዚህ ዓይነት ክብሩን አገኘ።

በ1961 ዓ.ም. በጆርጅያ በኦልባኒ ከተማ ጥቁሮች ዘርን ከዘር የሚለየውን ሕግ ተቃውመው በብዛት ሲታሰሩ፥ በርኒስ ጆንሰን የተባለች ተማሪ በቤተ ክርስቲያን በተደረገ ጉባኤ አንድ የቆየ መዝሙር አነሣች። በመዝሙሩ ውስጥ «መከራ» የሚለውን ቃል ትታ «ነጻነት» ብላ ዘመረች፤ ጉባኤውም ተቀበላት። እርስዋም ታስራ ከወጣች በኋላ፥ በ1962 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቿ ጋራ በየከተማው እየዞረች ለትግሉ ዘምራለች።

ዜማ ብቻውን ሰንሰለት አልሰበረም፤ ባርነት የተሻረው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ነገር ግን «ባርያ ነህ» ሲባል «አይደለሁም» የሚል ልብ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው፥ ጽሕፈት በተከለከለበት አገር፥ ከሁሉ ይልቅ በዜማ ነው። የ1740 ዓ.ም. ሕግ አውጪዎች ከበሮ ሰውን ለነጻነት እንደሚጠራ ማመናቸው ስሕተት አልነበረም፤ የተሳሳቱት ከበሮውን በመውሰድ ጥሪውን ያስቀሩ ስለ መሰላቸው ነው።