ለአዘጋጁ የሚጻፍ ደብዳቤ ምን ያህል ጉልበት አለው?

ለአንድ የፖለቲካ ዓላማ ብሎ ለጋዜጣ ደብዳቤ መጻፍን ብዙዎቻችን የጡረተኛ ጊዜ ማሳለፊያ አድርገን እናየዋለን። ይሁንና በእኛው በኢትዮጵያ ጉዳይ የተጻፉ ደብዳቤዎች አንድ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርን ከሥልጣን ለማውረድ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራዋን ከጀመረች ከሁለት ወር በኋላ የእንግሊዙ ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ በምስጢር ተስማሙ። ዕቅዳቸው ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ለወራሪው አሳልፎ የሚሰጥ፣ በደቡብም ሌላ ሰፊ ክልል ለኢጣሊያ የኢኮኖሚ ጥቅም የሚከልል ነበር። ለኢትዮጵያ በምትኩ የታሰበላት ወደ ባሕር የሚያደርስ ጠባብ መሬት ነው። «ዘ ታይምስ» ይህንኑ «የግመሎች መተላለፊያ» ሲል ተሳለቀበት።

ምስጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች አፈትልኮ ሲወጣ ለጋዜጦችና ለምክር ቤት አባላት የሚላከው የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። ስምምነቱ በተደረሰ በአሥር ቀን ገደማ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ደብዳቤዎቹ ለምን ሠሩ? እነዚያ የምክር ቤት አባላት ገና ኅዳር 4 ቀን በተደረገው ምርጫ የመንግሥታቱን ማኅበር እንደግፋለን ብለው ድምፅ የለመኑ ነበሩ። ደብዳቤ ጸሐፊው አዲስ ነገር አልጠየቀም፤ ቃላችሁን ጠብቁ ነው ያለው። እኛ የሕግ ሰዎች ውል ይፈጸምልኝ የምንለው ዓይነት ክስ ነው፤ ለመመለስም አስቸጋሪ ነው።

ደብዳቤ ግን ጦር አያቆምም። በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ተያዘች። ስለ ኢትዮጵያ ለእንግሊዝ ጋዜጦች ደብዳቤ ሲጽፉ የቆዩት ሲልቪያ ፓንክረስት በዚያው ሳምንት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ የራሳቸውን ጋዜጣ ጀመሩ፤ ሃያ ዓመትም አዘጋጁት። በሰው ጋዜጣ ላይ ቦታ ከመለመን የራስ ማተም ይሻላል፣ አቅሙ ላለው።

አቅሙ የሌለን ደግሞ ደብዳቤያችንን አጭር እናድርገው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ባለሥልጣን፣ የገባው ቃልና ቃሉን የገባበት ቀን ይበቃል። አንድ ዓይነት ደብዳቤ አባዝቶ በሃያ ሰው ስም መላክ ከንቱ ድካም ነው፤ አዘጋጅ ሁለተኛውን ሲያነብ ነቅቶ ቅርጫት ውስጥ ይከታቸዋል።

ሕጉን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በጽሑፍ መግለጽን ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2046 የሕዝብን ጥቅም በሚነካ ጉዳይ ላይ የተሰጠ አስተያየትን እንደ ስም ማጥፋት አይቆጥረውም፤ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ከጻፈ ግን ይጠየቃል። ስለዚህ «ከንቲባው ቃላቸውን አልጠበቁም» ብሎ መጻፍና «ከንቲባው ጉቦ በሉ» ብሎ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ለሁለተኛው ማስረጃ በእጅ ሊኖር ይገባል፤ በብዕር ስም መጻፉም ከተጠያቂነት አያድንም።